ጨው የበላው ሃምሳ ሳንቲም

አባቴ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ከመጨረሻው መስኮት ኋላ ተቀምጦ ሳንቲም ይለቅም ነበር። ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ተራና ከየቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣውን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አፍስሶ ወደ ሰው እጅ መመለስ የማይገባውን ያወጣል። የሥራ መደቡ በወረቀት ላይ ረጅም ስም ነበረው፤ እሱ ግን «ለቃሚ ነኝ» ነበር የሚለው። እናቴም በሕይወት ሳለች ቴፒ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ነበረች። «እሷ ጥቁሩን ፍሬ ታወጣለች፣ እኔ የታመመውን ሳንቲም» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ስለ ሳንቲም የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ልጅ ሳለሁ የተበላሹ ሳንቲሞችን በራሱ ገንዘብ ቀይሮ በኪሱ ይዞ ይመጣና መስኮት ሥር አስቀምጦ ይፈትነኛል።

«ይኼ ምን ሆነ?»

«ተጫረ።»

«ጭረት ምንም አይደል፣ ይለፍ። ይኼስ?»

«ተልጧል።»

«ከየት ጀምሮ ተላጠ? ከጠርዙ ነው ከመሃሉ?»

አሮጌው ሃምሳ ሳንቲም ላዩም ውስጡም አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ቢፋቅም ያው እንደሆነ ነገረኝ። አዲሱ ግን ውስጡ ተራ ብረት ነው፤ ላዩን ስስ ነጭ ቅብ ሸፍኖታል፤ ማግኔት ይስበዋል። ቅቡ ደህና እስከሆነ ድረስ ሳንቲሙ ዕድሜ አለው። የሆነ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ግን እርጥበት ይገባና ብረቱ ከሥር መዛግ ይጀምራል፤ ዝገቱ ቦታ ሲያጣ ቅቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የአንበሳው ጎፈር ላይ እንደ ሽፍታ ጉብ ጉብ ይላል። አባቴ ይህን «እብጠት» ይለዋል። ሐሰተኛ ሳንቲምም ሊያብጥ ይችላል፤ ብረቱ በደንብ ሳይጸዳ የተቀባ ከሆነ ቅቡ አይዝም። «በጣት ሁለቱን መለየት አትችዪም» አለኝ አንድ ቀን። «ማግኔትም ሁለቱንም ያነሳል። በዓይን ነው። ጤነኛው ሳንቲም ሲታመም እብጠቱ ዙሪያ ቀይ ይሆናል። ሐሰተኛው እብጠቱም ነጭ ነው።»

ይህን ሲነግረኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ይሆን ነበር። ካደግሁ በኋላ እዚያው ሚዛን መምህርት ሆንኩ። እናቴ አርፋ ስለነበር ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን የምንኖረው።

የአንድ ብር ሳንቲም ገና የወጣ ሰሞን ከተማው ውስጥ ሐሰተኛ ሳንቲም ገብቷል የሚል ወሬ ተነሣ። አንዱ ከጋምቤላ መጣ ይላል፣ ሌላው እዚሁ ብየዳ ቤት ይሠራል ይላል። ባለ ሱቆች ጠቆር ያለ ሳንቲም ሲያዩ መመለስ ጀመሩ። ባጃጅ ነጂዎች ሳንቲሙን ጥርሳቸው ላይ ሲያንኳኩ አይቻለሁ። አባቴ ወሬውን ስነግረው ሳቀ።

«ሃምሳ ሳንቲም ለመሥራት እኮ ከሃምሳ ሳንቲም በላይ ይፈጃል» አለ። «የትኛው ሞኝ ነው እንዲህ የሚደክመው?»

በዚያው ሰሞን ነው አንዳንድ ነገር ማየት የጀመርኩት። ሻይ ስሰጠው እጁ ብርጭቆውን አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እንደሚጠርግ ሰው አስመስሎ ይመለሳል። ጋዜጣ ሲያነብ አንድ ገጽ ላይ በጣም ይቆያል። ባንኩ ሲዘጋ መጥቼ አብረን ወደ ቤት እንድንሄድ ጠየቀኝ። «እርምጃ ለጤና ጥሩ ነው» አለኝ። ፈረቃዬ የጠዋት ስለነበር ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አዳራሹ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። መንገድ ላይ ክንዴን ይይዛል። ቦይ ላይ ስንደርስ ሳላስበው «ቦይ» እላለሁ፤ እሱም እግሩን ያነሣል። ስለ ዓይኑ ግን አንድም ቀን አላወራንም። በሽታው ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ወጣት ሆኖ ቴፒ ቡና ልማት ውስጥ ሲሠራ ውሎው ወንዝ ዳር ነበር፤ እዚያ የሚናከሰው ትንሹ ጥቁር ዝንብ ስንቱን ሰው እንዳሳወረ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቆዳው ሁልጊዜ ያሳክከው ነበር። ጤና ሠራተኞች በየዓመቱ ቁመታችንን በዘንግ እየለኩ ክኒን ሲሰጡን እሱም ይወስዳል፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት አንድ ጊዜ ቁርጡን ነግረውታል፤ ክኒኑ የቀረውን ሊያቆይ ይችላል፣ የሄደውን አይመልስም። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ያን ጊዜ እንደምንም እናልፈዋለን ብዬ ነበር የማስበው። አብሬው እየዋሸሁ መሆኔን ለራሴም አልነገርኩትም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት እንደ ልማዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ ከገበያ የማውቃት ጨው ሻጭ ገባች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ከሸኮ በኩል እየመጣች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጨውና ኮረሪማ ትሸጣለች፤ ጨው ሁልጊዜ የምገዛው ከእሷ ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው። እኔን «አስተማሪ» ትለኛለች። ዝናብ ያበሰበሰው ነጠላ ለብሳ አንድ ቆርቆሮ ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች። ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳንቲሙን በወረቀት ብር ልትቀይር ነበር የመጣችው።

ሰላም ተባባልን። ወረፋዋ ደረሰና ቆርቆሮውን አባቴ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው።

ከተቀመጥኩበት ሦስት እርምጃ ያህል ይርቃል። ሳንቲሞቹ በአብዛኛው ሃምሳ ሳንቲም ነበሩ፤ አዲሶቹ። ጉብ ጉብ ብለዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ ቅቡ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሥቷል፤ የአንበሳው ፊት ጠፍቷል። እና ቀይ ናቸው። እያንዳንዱ እብጠት ዙሪያውን እንደ ጭቃ ቀይ ነው። ገንዘቧን የት ታስቀምጥ እንደነበር ወዲያው ገባኝ፤ ከጨው ከረጢቷ ሥር። በዚያ እርጥበት፣ በዚያ ዝናብ፣ ጨው ለሳንቲም ምን እንደሚያደርግ ያስተማረኝ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

አባቴ አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላዩን ዳሰሰ። ሌላ አነሣ። ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ እንደሚያይ ሰው አጉሊ መነጽሩንም አስጠጋ። ከዚያ ማግኔቱን አወጣና ነካካ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ከገበያ ነው። የእኔ ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ሰው ጨው ይገዛል፣ ይሰጠኛል። አንተ ምን ሆነህ?»

የአባቴን ፊት አየሁት። ዓይኑ ሳንቲሙ ላይ ሳይሆን ከሳንቲሙ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሄደ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ጠርዝ እየነካ። ሲመለሱ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ቅቡ ቤት ውስጥ የተቀባ ነው» አለ አባቴ። «ያበጠው አላግባብ ስለተቀባ ነው። ቅርጹም የለም።»

ፈረመ። ዘበኛው በሩን ዘጋ። ስልክ ተደወለ።

ሴትዮዋ ነገሩ የገባት ፖሊስ የሚለውን ቃል ስትሰማ ነው። ዞር አለችና አየችኝ።

«አስተማሪ» አለችኝ። «አንቺ ታውቂኛለሽ። ንገሪው። እኔ ጨው ነው የምሸጠው፣ ንገሪው።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴም ዞረ፤ ድምፄ ወደሚመጣበት ጆሮውን ሰጥቶ ቆመ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቀይ ነው፣ አባዬ፣ ብል ይበቃ ነበር። ግን ያን ካልኩ እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ በአለቃውና በባልደረቦቹ ፊት፣ ዕውር ነህ ማለቴ ነው።

«ጨው እንደምትሸጥ አውቃለሁ» አልኩ። «ስለ ሳንቲም ግን አላውቅም።»

ሴትዮዋ ፊቷን ከእኔ መለሰች። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዷት። ቆርቆሮው ታሽጎ አብሮ ሄደ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እንደ ሁልጊዜው ክንዴን ያዘ። ቦዩ ጋ ስንደርስ «ቦይ» አላልኩም። እግሩ ሊገባ ሲል ጎተትኩትና ሁለታችንም መንገዱ ዳር ቆምን።

«ቀይ ነበር» አልኩት።

ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ።

«ሁሉም?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«ጨው ነው?»

«ጨው ነው። አባዬ፣ የጨው ነጋዴ ናት እኮ! አንተ ራስህ አይደለህም ሃምሳ ሳንቲም ማን ይሠራል ያልከኝ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ከፋሲካ ወዲህ ቀለም አይታየኝም» አለኝ። «ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ሐሰተኛ ሳንቲም ያለፈበት ሠራተኛ ይጠየቃል ብሎ ነገረን። ያላየሁትን ደህና ነው ከምል፣ ያላየሁትን መጥፎ ነው ማለት ይሻላል ብዬ…» አልጨረሰውም። እዚያው መንገድ ዳር እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ነጠላዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ተናድጄበት ነበር፣ አዝኜለትም ነበር፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ አፍሬ ነበር።

ቤት ስገባ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ፈተሽኩ። ቅዳሜ ሴትዮዋ የሰጠችኝ መልስ እዚያ ነበር፤ ሁለት ያበጡ ሃምሳ ሳንቲሞች። በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አንዱንና አንድ ደህና ሃምሳ ሳንቲም ይዤ ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ባለ ሱቁ ሁለቱን በማሰሪያ አጣብቆ በብረት መጋዝ ቆረጣቸው። ያሳየኝ ልክ አባቴ እንዳስተማረኝ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያው ግራጫ ብረት፣ ዳር ዳሩን እንደ እንቁላል ሽፋን የቀጠነ ነጭ ቅብ። ልዩነቱ የአንዱ ቅብ ሥር ቀይ ዱቄት መሙላቱ ብቻ ነው።

ግማሾቹን በወረቀት ጠቅልዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አየልኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለኝ። «የባንክ ሰው ሐሰተኛ ነው ብሎ ፈርሟል። የባንክ ሰው ደግሞ እውነተኛ ነው ብሎ ይፈርም።»

«እሷን ማየት እችላለሁ?»

«ምኗ ነሽ?»

ምኗ ነኝ ልበል? «ደንበኛዋ» አልኩት። እንደማይፈቀድ ራሱን ነቀነቀ። ስወጣ በግቢው አጥር ቀዳዳ ሴቶቹ የተቀመጡበትን ጥላ አየሁ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ልጠራት አልኩና የምጠራት ስም እንደሌለኝ ታወሰኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጨው ስገዛ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን ፈትቶ ግማሾቹን አገላብጦ አያቸው።

«አባትሽ ልኮሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ከአባትሽ በላይ አንቺ እንዴት አወቅሽ? እሱ እኮ በዚህ ቅርንጫፍ ማንም የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይምጣና ተሳስቻለሁ ይበለኝ።»

ለአባቴ ነገርኩት። ዝም አለ። ረቡዕም ዝም አለ። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ምግብ አይበላም። አላስገደድኩትም። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ለምን አላስገደድኩትም? በእነዚያ ሁለት ቀናት ዝናቡ አላባራም። ገበያ ውስጥ ከአንድ መጋዘን በረንዳ ሥር ሴትዮዋ የተወችው የጨው ከረጢት እየሟሟ ነጭ ውሃ ወደ መንገዱ ሲፈስ አየሁ። ጎረቤቷ የሆነች ዝንጅብል ሻጭ ፕላስቲክ ልታለብሰው ትሞክራለች። ቆሜ ረዳኋት፤ ከሥር የገባውን ውሃ ግን ሁለታችንም ማስቆም አልቻልንም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። «ዛሬ ክፍል አትግቢ» አለኝ። «እስከ ጠረጴዛው ድረስ አብረሽኝ ግቢ።»

ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ ቆርቆሮው ከጣቢያ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ። አባቴ አንድ ሳንቲም አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘ።

«ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው።

«እንዴት ማለት?»

«ዝም ብለህ ንገረኝ።»

«ቀይ። ዝገት ነው።»

«እኔ አይታየኝም» አለ አባቴ። «ሰኞም አልታየኝም። የፈረምኩት ሳላይ ነው። ሴትዮዋን አስፈቱልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያላመነ መሰለኝ። ጣቱን አባቴ ዓይን ፊት ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና «ከመቼ ጀምሮ?» አለው። ተቆጥቶ አልነበረም። ቢቆጣ እመርጥ ነበር።

ሴትዮዋ በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈታች። ቆርቆሮው ግን አልተሰጣትም፤ ጉዳዩ አንዴ ስለተከፈተ ሳንቲሞቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደው መመርመር አለባቸው ተባለ። ቆርቆሮው ሄደ። አባቴ በሕመም ምክንያት ከጊዜው ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤ ባልደረቦቹ ጋቢ ገዝተው ሸኙት፤ እሱ እያመሰገነ ስጦታውን ሲቀበል እጁ ሌላ ቦታ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ሳንቲሞቹ እውነተኛ ናቸው፣ ነገር ግን ከአግባብ ውጭ ስለተበላሹ አይቀየሩም የሚል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አሳየኝ። «እውነተኛ ናቸው ብሏል» አለኝ፤ ያ አንድ ነገር የሆነ ይመስል።

ሴትዮዋ ወደ ሚዛን ገበያ አልተመለሰችም። ቦታዋን ሌላ ሰው ያዘው። ልጇ በዚያ ዓመት ትምህርት እንዳቋረጠች የነገረችኝ ያቺ ዝንጅብል ሻጭ ናት። ስሟንም ከእሷ ሰማሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቅኳትና ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ያጣችውን ያህል ገንዘብ ፖስታ ውስጥ ከትቼ በሚኒባስ ወደ ሸኮ ሄድኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። አብሬሽ ልሂድ ቢለኝ እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

ከመንገዱ ወርጄ በቡናና በእንሰት መሃል ብዙ ወጣሁ። ደጃፏ ላይ ከባሏ ጋር ተቀምጣ ቆሎ ትለቅም ነበር። አወቀችኝ። ተነሥታ በርጩማ አወጣችልኝ፣ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበችልኝ። አፍሬ አንድ ቁራጭ በላሁ። ከዚያ ስለዚያ ሰኞ ቀን የምለውን ማለት ጀመርኩ። የአባቴን ዓይን ነገርኳት፣ ያየሁትን እንዳየሁ፣ ማወቄን እንደደበቅሁ ነገርኳት። ፖስታውን ከበርጩማው አጠገብ አስቀመጥኩት።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ በራሷ ቋንቋ መናገር ጀመረች፤ ከገበያ ከማውቀው አማርኛዋ ያን ቀን አንድ ቃል እንኳ አልወጣም። ረጅም ተናገረች። አንዳንዴ ድምፅዋ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ እጇን ወደ ዱሩ ትዘረጋለች፣ አንዴ ልትስቅም መሰለኝ። ከመሃል አንድም ቃል አልገባኝም። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ስትጨርስ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ዝናብ ሳይመጣ ብትሄጂ ይሻላል ትላለች» አለኝ።

«ሌላስ?»

ወደ እሷ አየ። እሷ ቆሎዋን ወደ መልቀም ተመልሳለች።

«ይኸው ነው» አለ።

ፖስታውን አንሥቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አብሮኝ ወርዶ ሚኒባስ እስኪመጣ አጠገቤ ቆመ። ስለ ቡናው አበባ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አወራኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ በሩን ይዞልኝ «በሰላም ግቢ» አለኝ። ገባሁ።